የጠፋው የአስተያየት መዝገብ

ፕሎቭዲቭ
ዓርብ፣ ኦክቶበር 18 ቀን 2024

ለልጄ አባት፣ ለሪፋት፦

ሰላም ነህ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ ላይ ከማስቸገሩ በቀር ሌላው ሰላም ነው። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ከመክፈትህ በፊት ፖስታውን አገላብጠህ እንደምታየው አውቃለሁ። እኔም ብሆን አያለሁ። ጠርዙ ተነስቶ ካገኘኸው ማንም ከፍቶት አይደለም፤ የዚህ ቤት ማጣበቂያ የረባ ስላልሆነ ነው። እጅ ጽሑፉም የእኔው ነው። ተንቀጥቅጦ ካየኸው ስድሳ ስድስት ዓመት እንደሞላኝ አስብና ሌላ ነገር አትጠርጥር።

ለአሥራ አንድ ደብዳቤ አንድም መልስ ያልሰጠች ሴት ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ዛሬ ምን ነካት ትል ይሆናል። አድራሻህን ያገኘሁት ማክሰኞ ዕለት በልጃችን የሥዕል ኤግዚቢሽን ላይ አንተው ራስህ ከጻፍክበት የአስተያየት መዝገብ ነው። መዝገቡን የሰረቅኩት እኔ ነኝ። አትደንግጥ፣ ከመጀመሪያው እነግርሃለሁ።

ሜሊሐ እዚህ ፕሎቭዲቭ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሥዕል ታስተምራለች። አላገባችም፤ ለምን ብለህ እንዳትጠይቀኝ፣ እኔም ጠይቄ የሰማሁትን ሰምቻለሁ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ እኔ ጓሮ ቃሪያ ስለቅም ደወለችልኝ።

«እማ፣ ኤግዚቢሽን ላሳይ ነው። ለብቻዬ! የመጀመሪያዬ ነው።»

«ለምን ለብቻሽ? ሌሎቹ ለምን ቀሩ?»

«ማንም አልቀረም እማ። ሰዓሊ አንድ ቀን ለብቻው ያሳያል፤ ትልቅ ነገር ነው።»

«እሺ፣ ምን ሥለሻል? መንደሩን?»

«አብስትራክት ነው። ቤትም ሰውም የለበትም፤ ቀለም ነው። ስለ ማንነት ነው። የማን ነኝ፣ የየት ነኝ የሚል።»

«ማነው ይህን የጠየቀሽ?»

«ማንም። ራሴን ነው የጠየቅኩት።»

«ሳይጠይቁሽ እንዲህ የምትመልሺ፣ የጠየቁሽ ቀን ምን ልትዪ ነው?»

ሳቀች። ነገር ሲከብዳት ትስቃለች፤ ያንን ከአንተ ነው የወሰደችው። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቃሪያውን ትቼ ቁጭ አልኩ። በ1985 ጃንዋሪ፣ በረዶው ጉልበት ድረስ በደረሰበት ሰሞን፣ መንደሩ በወታደር ተከቦ የቱርክ ስማችንን በቡልጋሪያ ስም ሊቀይሩ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያሰለፉንን ቀን አንተም አትረሳውም። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ መዝገብ ተዘርግቶ ነበር። ሪፋት ሆነህ ገብተህ ሩሜን ሆነህ ወጣህ። እኔም ናጂዬ ገብቼ ናዴዥዳ ወጣሁ። መዝገቡን የያዘው ሰውዬ እንዴት ያለ ትሁት ነበር! ወንበር ሁሉ አቅርቦልኝ ነበር። ልጅቷ በዓመቱ ስትወለድ ቤት ውስጥ ሜሊሐ አልናት፣ ወረቀት ላይ ሚሌና።

አንተ ወደ ቱርክ ከሄድክ በኋላ ሕጉ ተቀይሮ «የድሮ ስማችሁን መልሱ» ሲሉን የራሴን መለስኩ። የእሷን ግን ተውኩት። ነገሩ እንደገና ቢገለበጥስ? አንዴ የተከፈተ መዝገብ ሁለተኛ አይከፈትም ያለ ማን ነው? እናም ሚሌና ተብላ ተማረች፣ ሚሌና ተብላ ተቀጠረች፤ ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ጥሩ እናት ነኝ ብዬ አስብ ነበር።

ከሳምንት በፊት፣ የመክፈቻው ዕለት፣ በጠዋቱ አውቶቡስ መጣሁ። ባዶ እጅ መግባት ነውር ነው ብዬ ሁለት ትሪ አይብ የተሞላ ቡሬክ ጋግሬ ይዣለሁ። ጋለሪው ያለበት ሰፈር ስሙ «ወጥመድ» ነው፤ ጠባብ ጠባብ መንገድ ያለበት፣ ድሮ የእጅ ባለሙያዎች የሚሠሩበት። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት በዚህ ስም ይጠራዋል። መታጠፊያው ላይ ግድግዳውን ሳይ በቁሜ ደረቅኩ። ክንዴን የሚያህል ፖስተር ተለጥፏል። በትልልቅ ፊደል «ሜሊሐ ሪፋት» ይላል።

«ማነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?» አልኳት ጋለሪው በር ላይ ሳገኛት፣ ሳልስማት በፊት።

«ምኑን?»

«ግድግዳው ላይ ያለውን ነዋ!»

«ስሜ አይደለም እንዴ?»

«ስምሽማ ነው። መንገድ ላይ ምን ወሰደው? የአባትሽን ስምስ ምን አድርጊ ብሎሽ ነው የደረብሽው?»

«ምነው እማ፣ አባቴ እንዳያነበው ፈራሽ?» ብላ ሳቀችና ትሪውን ከእጄ ተቀበለችኝ። እኔ አልሳቅኩም።

ሥዕሎቹ አሥራ አራት ናቸው። አንተም አይተሃቸዋል፣ ምን እነግርሃለሁ? አሠራሯን ግን አታውቅም። ሸራውን አንድ ቀለም ትቀባዋለች፣ ሲደርቅ ሌላ ትደርብበታለች፣ ደግሞ ሌላ፣ ስድስት ሰባት ጊዜ። ከዚያ ግድግዳ የሚለስኑበትን ማንኪያ ይዛ ትፍቀዋለች። የታችኛው እዚህም እዚያም ይወጣል። «ይህን ያህል ከምትፍቂው ከመጀመሪያው ባትቀቢውስ?» ብላት «ሥራው እሱ ነው እማ» አለችኝ። ሰዎቹ ወይን ይዘው አንገታቸውን ዘንበል እያደረጉ ያያሉ። የጋለሪው ባለቤት ራዶስቬታ የምትባል ረጅም፣ ፀጉሯን የተቆረጠች ሴት ናት። እጄን ይዛ ትልቁ ሥዕል ፊት አቆመችኝ።

«እትዬ ናጂዬ፣ ለመረዳት አይጨነቁ። ዝም ብለው ይቁሙና ሥዕሉ ራሱ ያናግርዎት።»

«ልጄ፣ ሰው ፊቴ ቆሞ ዝም ሲለኝ ነው የምፈራው። ይሄ ደግሞ ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣውም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቡሬኩንም ጨረሱት፤ የራሳቸውን ኦቾሎኒ ማንም አልነካውም።

ሁሉም ሰላም ነበር፣ ያ መዝገብ ባይኖር። በር አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ጥቁር ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር ተቀምጧል፣ እስክሪብቶ በክር ታስሮበታል። «ስምዎን ይጻፉልን እትዬ» አለችኝ ራዶስቬታ።

«ለምን?»

«ለማስታወሻ ነው። የመጣ ሰው ሁሉ ይጽፋል።»

«ማንን ለማስታወስ?»

ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች። እኔ አልጻፍኩም። ቅዳሜ ግን ከመንደራችን አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው መጣ። ሜሊሐን አቅፈው ሲያበቁ ተሰልፈው፣ አዎ ተሰልፈው፣ ስማቸውን ጻፉ። ያ ዑስማን፣ በዚያ ዘመን ሦስት ቀን ጣሪያ ሥር ተደብቆ የከረመው ዑስማን፣ ስሙን ከነመንደሩ ከነስልክ ቁጥሩ ጽፎ ሲያበቃ ፈረመበት። ራዶስቬታ ደግሞ ማታ ማታ መዝገቡን መሳቢያ ውስጥ ከትታ ትቆልፍበታለች። ማስታወሻ ብቻ ከሆነ ቁልፍ ምን ያደርግለታል? ልጃችንን «ምን ተጽፎበታል?» ብላት «ኤግዚቢሽኑ እስኪዘጋ አላነብም፤ አስተያየት ካነበብኩ እጄ ይሰናከላል» አለችኝ። ይኸውልህ፣ የኤግዚቢሽኑ ባለቤት እንኳ የማታውቀው ዝርዝር።

ከዚያ ወዲህ በተከፈተ ቁጥር እየሄድኩ ጥግ ላይ ወንበር ይዤ እቀመጥ ጀመር። ራዶስቬታ የልጄን ሥዕል ወድጄ መስሏት «እናት አንጀት» ትላለች። እኔ መዝገቡን ነው የምጠብቀው።

ማክሰኞ ከምሳ በፊት ቤቱ ባዶ ነበር። ሜሊሐ ትምህርት ቤት ናት፣ ራዶስቬታ ከጀርባ ክፍል በስልክ ታወራለች። ግራጫ ቆብ ያደረገ ቀጭን ሽማግሌ መጣ። ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። መጀመሪያ ውጭ ቆሞ ፖስተሩን አየ፣ አየ፣ አየ። ከዚያ ገብቶ ሌሎቹን ሥዕሎች ዘልሎ መካከለኛው፣ ትልቁ ፊት ቆመ፤ ያ ቢጫ ቡናማው፣ ከሥሩ ደማቅ አረንጓዴ መስመር ያለው። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አልተነቃነቀም። ሥዕል የሚያይ ሰው እንዲህ አይቆምም፣ እንዲህ የሚቆም ዘበኛ ነው አልኩ በሆዴ። ቀጥሎ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ከፈተ። ጣቱን ስሞቹ ላይ እያስኬደ አንድ በአንድ ማንበብ ያዘ።  የታሰረው እስክሪብቶ አልጽፍ አለውና ወደ እኔ ዞረ።

«ይቅርታ እመቤት፣ እስክሪብቶ ይኖርዎታል?» አለኝ በቡልጋርኛ።

«የለኝም።»

«ከዚህ አካባቢ ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«እኔም… አሁን አይደለሁም» አለና እስክሪብቶውን በመዳፎቹ መካከል እያሸ በትንፋሹ አሞቀው። ከዚያ በክንዱ ከልሎ ረጅም ነገር ጻፈ። ሲወጣ ቆቡን አንስቶ እጅ ነሳኝ። ያው እንደዚያ ዘመኑ የመዝገብ ሰውዬ ትሁት! እንዲህ ያሉት ሰዎች ጡረታ አይወጡም ብዬ አሰብኩ። ዑስማንም፣ ጎረቤቶቼም፣ የልጄ ጓደኞችም ሁሉ በእጃቸው ጽፈው ሰጥተውታል፤ ነገ ከነጓዙ መጥቶ ይወስደዋል። ተነሳሁ፣ ክሩን በጥሼ መዝገቡን ቦርሳዬ ውስጥ ከሻርፔ ሥር ከተትኩት። ራዶስቬታ ከጓዳ «ሻይ ላፍላልዎት እትዬ?» ስትል እኔ ደረጃውን ጨርሻለሁ። ጉልበቴ የዚያን ዕለት አንድም ጊዜ አላስቸገረኝም ብልህ ታምነኛለህ?

ሜሊሐ ቤት ደርሼ መታጠቢያ ክፍሉን ከውስጥ ቆለፍኩ። ሐሳቤ የመንደራችን ሰዎች ያሉበትን ገጽ ቀድጄ ውኃ ልለቅበት ነበር። መጀመሪያ ግን ሰውዬው ምን ብሎ እንደሆነ ልይ ብዬ መጨረሻውን ከፈትኩ። በቱርክኛ ነው የተጻፈው።

«ልጄ ሜሊሐ፣ የእህቴ ልጅ ግድግዳ ላይ ያለውን ስምሽን በስልክ አንስቶ ላከልኝ። ከስምሽ ቀጥሎ የእኔ ስም አለ። ስለዚህ መጣሁ። ለአንቺና ለእናትሽ አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፌ ነበር፤ ምናልባት አልደረሷችሁም። ሥዕል አላውቅም። መካከለኛው ላይ ያለው አረንጓዴ ግን ቀለም ያለቀብኝ መስኮት ነው። አባትሽ ሪፋት።»

ከሥሩ የቡርሳ አድራሻህ።

አለቀስኩ ብዬ ብጽፍልህ ደስ ይልህ ይሆናል። አላለቀስኩም። እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ በልቤ ያልኩት «እጅ ጽሑፉንም ተማሩት!» ነው። ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ወደ ግራ የሚጋደሙትን ፊደሎችህን አንድ በአንድ መረመርኩ። ያን መስኮት ግን የትኛውም የጸጥታ ሰው አያውቀውም። በ1989 ጸደይ የሳሎኑን መስኮት መዝጊያ ከታች ጀምረህ አረንጓዴ ስትቀባ ቀለሙ አለቀ። «ከከተማ አመጣለሁ» አልክ። በጁን ሄድክ። መዝጊያው እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው፤ ከሥሩ አንድ ስንዝር አረንጓዴ፣ ከላይ የገረጣ እንጨት። ለመቀባት ጊዜ አጣሁ።

ልጅህ ያንን ነው የሣለችው። ሦስት ቀን ሙሉ ፊቱ ተቀምጬ አላየሁትም፤ አንተ ቆብህን እንኳ ሳታወልቅ አየኸው። ቀናሁብህ ሪፋት። አባትነት ለአንተ ግማሽ ሰዓት በቃህ ብዬ ተናደድኩብህም።

ደግሞ አለማወቄ! ድምፅህን አለማወቄ! በእርግጥ እኔና አንተ በቡልጋርኛ ተነጋግረን አናውቅም፤ ቱርክኛ በሚያስቀጣበት ጊዜ እንኳ ማድ ቤት ገብተን በሹክሹክታ በቋንቋችን ነበር። ቢሆንስ? ሠላሳ አምስት ዓመት ቆይተን የተባባልነው «እስክሪብቶ ይኖርዎታል?»፣ «የለኝም» ሆነ። ቦርሳዬ ውስጥ ሦስት ነበሩኝ። ጣትህን ስሞቹ ላይ የምታስኬደው የእኔን ስትፈልግ ከነበረ፣ አልጻፍኩም ነበር።

አሁን ወደማፍርበት ልምጣ። መዝገቡን ማክሰኞውኑ መመለስ ይገባኝ ነበር። አልመለስኩም። «አንድም መስመር አልጻፈልንም» ብዬ ያሳደግኳት ልጅ አሥራ አንድ የሚለውን ቁጥር ታያለቻ! ልጄን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ። ከሷ በቀር ማን አለኝ? ገጹን ልቅደደው ብዬ ጥፍሬን አስጠጋሁ፤ እሱንም አልቻልኩም። መዝገቡን ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ ሥር ቀበርኩት።

ረቡዕ ጉዱ ፈላ። ራዶስቬታ ቤት ድረስ መጣች፣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሰርቀውታል። የጽንፈኞቹ ሥራ ነው። ፖስተሩ ላይ የቱርክ ስም ሲያዩ አልቻሉም። ክሩ ተበጥሷል! የመጣው ሰው ሁሉ ስምና ስልክ አለበት እኮ፣ ሜሊሐ።»

 እኔ ስኳር ያልገባበት ሻይ ሳማስል ዋልኩ። ሐሙስ ጠዋት ግን እኔ ዳቦ ስቆርጥ እሷ ኮሪደሩ ላይ ስልክ አነሳች። ጆሮዬን ጣልኩ።

«ራዶስቬታ፣ ፖስተሩን አንሱት… ሚሌና ተብሎ ይታተም። የአባቴም ስም ይውጣ… አይ፣ አልፈራሁም… እሺ፣ ፈርቻለሁ። እነዚያ ሰዎች ለእኔ ብለው ነው የጻፉት፣ አንዳቸው ቢነኩ ምን ልሆን ነው?»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ያን ዓመት ስማችንን ለመውሰድ ታንክ አስመጥተው ነበር። ለልጄ ግን ማንም አላስፈለገም፤ የእናቷ ቦርሳ በቃት። ሄጄ ሻንጣዬን ከፈትኩና መዝገቡን አምጥቼ ዳቦው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«እማ? ይሄ…»

«እኔ ነኝ።»

«ምኑን ነሽ?»

«ጽንፈኛዋ።»

አየችኝ። እንደምትስቅ ጠብቄ ነበር፣ አልሳቀችም። «ለምን?» አለች። ዝርዝር መሰለኝ አልኳት። መጨረሻውን ገጽ አንብቢና ከዚያ የፈለግሽውን በይኝ አልኳት። ቆማ አነበበች። ተቀምጣ ደገመችው።

«የት አሉ?»

«ምኖቹ?»

«አሥራ አንዱ።»

«አቃጠልኳቸው።»

«አይጽፍም ብለሽኝ ነበር።»

«በጠየቅሽኝ ጊዜ አይጽፍም ነበር። አቁሞ ነበር።»

 ተነስታ አንድ ንጹሕ ኩባያ ውኃ ውስጥ ከትታ ታጥበው ጀመር። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «ሰባት ዓመቴ ነበር እማ» አለች። «ክፍል ውስጥ ሁላችሁም ለአባታችሁ ካርድ ሣሉ ተባልን። ሥዬ ጨረስኩና ነው የት እንደምልከው የጠየቅኩሽ።»

ዳቦውን መልሼ በጨርቅ ጠቀለልኩት። ለአንተ ግን ያለኝን ልንገርህ፣ ሰበብ ነው ብትልም በል። በጁን ስትሄድ «ሁለት ሳምንት» ተባባልን፤ አንተ ቤት ፈልገህ እኔ ልጅቷን ይዤ ልከተል። በኦገስት ድንበሩ ተዘጋ። በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ደብዳቤህ መጣ፤ ፖስታው በታይፕ ተጽፎ «ለናዴዥዳ» ይላል። ሪፋት፣ ያን ስም አፌ ላይ አላወጣውም ብለህ በልጅቷ ራስ ምለህ ነበር! ውስጡ ደግሞ «የሚረዳሽ ሰው እልካለሁ፣ ተዘጋጅተሽ ጠብቂ» ይላል። የጸጥታ ሰዎች የሄዱትን ሚስቶች በእንዲህ ያለ ደብዳቤ እያወጡ ይይዛሉ ይባል ነበር። አንተ አይደለህም አልኩ። ምድጃ ውስጥ ጣልኩት። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። ለካ በእውነተኛ ስሜ ቢጻፍ ፖስታ ቤቱ እንደማያደርሰው ተነግሮህ ኖሯል፤ ይህን የሰማሁት ስንት ዘመን ቆይቶ ከዑስማን ሚስት ነው። ከሰባተኛው ጀምሮ «ለናጂዬ» እያልክ ጻፍክ። ያኔ አንተ መሆንህን አወቅኩ። ግን አንድ ዓመት ሙሉ ያልመለሰች ሴት ከየት ትጀምራለች? ነገ እጽፋለሁ፣ ነገ እጽፋለሁ ስል አሥራ አንደኛው መጣ፣ ማግባትህን የሚናገረው። ያንን ሁለት ጊዜ አንብቤ ነው ያቃጠልኩት። ሚስትህን ሰላም በልልኝ። በደህና ከሆነች አላህ ጤናዋን ያብዛላት፤ ከልቤ ነው፣ አትጠርጥር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከልጅህ ጋር ሄደን መዝገቡን መለስን። ራዶስቬታ አፏን ይዛ ቆመችና «እትዬ ናጂዬ፣ ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ ራሴ እደብቅልዎት ነበር» አለች። ሜሊሐ «ፖስተሩ እንዳለ ይቆይ» አለቻት። ግድግዳው ላይ አለ። ኤግዚቢሽኑ እስከ ኖቬምበር 3 ክፍት ነው፤ ሰኞ ብቻ ይዘጋል። ልጅህ ከትምህርት ቤት በኋላ ሁልጊዜ እዚያ ናት። ና አላልኩህም፣ ሰዓቱን ነው የነገርኩህ።

ዛሬ ጠዋት ወረቀት አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች።

«ጻፊለት።»

«መንደር ስመለስ ተረጋግቼ…»

«እዚህ። አሁን።»

«ምን እንደምጽፍ ልታነቢው ነው?»

«አላነበውም። ፖስታ ቤት ግን የምወስደው እኔ ነኝ።»

«ለምን? እግር አለኝ እኮ። አታምኚኝም እንዴ?»

«አላምንሽም እማ።»

እንዲህ ነው ያለችኝ፣ በዝግታ፣ የአየር ሁኔታ እንደምትናገር። በሕይወቴ ብዙ ሰው ጠርጥሬአለሁ፤ ሻይ ላፍላልዎት ያለችኝን ሴት፣ ቆቡን ያነሳልኝን የገዛ ባሌን። ልጄ እኔን ስትጠረጥረኝ ግን ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር።

አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ጉልበትህን ያጽናው፣ ልጅህን ያሳይህ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም፤ ካፖርቷን ለብሳ በሩ አጠገብ ቆማለች። ቁጭ በይ ብላት እምቢ አለች። «ጨረስሽ?» ትለኛለች፣ ዓይኗን ከእጄ ላይ ሳትነቅል። እውነቷን ነው። ለብቻዬ ብትተወኝ እስከ ፖስታ ቤቱ ድረስ በደህና እሄድ ነበር፤ ሳጥኑ ፊት ስደርስ የማደርገውን ግን አላውቅም። ይህ ደብዳቤ እጅህ ከገባ፣ ልጅህ ስላላመነችኝ ነው።

ናጂዬ